የሕዝብ አየር እና አንዲት «ባ»

ለእታለም ኡምኩልሱም ሙሐመድዘይን፤ ባለሽበት አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ መርዶ በክብር አስታውቃለሁ። በከሚሴ ከተማ፣ በዋናው አስፋልት ዳር፣ በቆርቆሮ ቤት ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን ጎማ ስትነፋ የኖረችው የአገልግሎት ማኅበራችን የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር፣ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ምክንያት ትንፋሿ ተቋርጧል። ለቅሶ የሚደረሰው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ድንኳን የለም፤ ድንኳኑን ለበዓል የወሰዱት ጓዶች እስካሁን አልመለሱትም። ለወዳጅ ዘመዶቿ፣ ማለትም ለጭነት መኪና ሾፌሮችና ለተነፈሰ ጎማ ሁሉ፣ መጽናናትን እመኛለሁ።

እንግዲህ ደረትሽን መምታት ተይና ቁጭ በይ፤ ከቤታችን ሰው አልሞተም።

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ሐርቡን አልፎ፣ ባቲ ላይ ጉሮሮውን አርጥቦ፣ ሚሌ ላይ ላቡን ጠርጎ ደጃፍሽ ይድረስ። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ እህቴ? ነጋ ነው፣ ሰላም ነው? ራስ ምታቱ ተወሽ? ያ የአሰብ ሙቀት ዘንድሮ ሰው አድርጎ ተወሽ ወይስ እንዳምናው ቋንጣ ሊያደርግሽ ነው? ባለቤትሽ ሙሀመድኑርስ፣ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ያመጣው የወገብ ሕመም ለቀቀው? ልጆቹ ቁርኣን ይቀራሉ ወይስ ባሕር ዳር ዓሣ ሲያሳድዱ ይውላሉ? ለስላሳ የምታቀዘቅዢበት የበረዶ ሳጥንሽስ ደህና ነው? ስለ በረዶ ሳጥኑ የጠየቅሁት ለወግ አይደለም፤ እያደር ይገባሻል። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማማ መሪማ ጉልበቷን ይቆረጥማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ብቻ ሰሞኑን እህል ሆዴ አልረጋ ብሏል፤ ያቅለሸልሸኛል። የሚያቅለሸልሸኝም በሽታ ሳይሆን ሰው ነው።

መቼም ወሬ ከደብዳቤ ይቀድማል፤ የኛ ወሬ ደግሞ በጎማ ነው የሄደው። አባባ ታስሯል ብለውሽ ከሆነ እውነት ነው። ተፈቷል ካሉሽም እውነት ነው፤ ይኸው አሁን ጎኔ ተቀምጦ «ምን ምን አልካት?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። የታሰረው የሕዝብ ንብረት ላይ ሸንቶ ነው ያለሽ ሰው ካለ ግን ስሙን ያዢልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ ነው፤ አንብቢለት። ደብዳቤውን በሾፌሩ በኢብራሂም እጅ ልኬዋለሁ። በፖስታ ቢሄድ ብዙ አንባቢ ያገኛል፤ እኔ ደግሞ ያን ያህል ዝና አልፈልግም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ኮምፕሬሰሯ ስትመጣ አንቺ እዚሁ ነበርሽ። አባባ ዘበኛም አስነሺም ሆኖ ተመደበ፤ እኔ ጎሚስታው ደግሞ ከእሷ በሚመጣው አየር ጎማ እየነፋሁ እንጀራዬን እበላ ጀመር። የተከሏት የደሴው ሰውዬ ለአባባ አንድ ነገር አስጠንቅቀውት ሄዱ፤ አየሩ የሚጠራቀምባት በርሜል ከሆዷ በታች ትንሽ ቧንቧ አላት፣ ጠዋት ጠዋት ክፈታት፣ ውሃ ይወጣል፣ ካልወጣ በርሜሏን ከውስጥ ይበላታል አሉት። አባባ የጨፋ ሰው ነው። ላም ከበረት ስትወጣ መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ ያውቃል። ስለዚህ ይህን ሥራ «ማሸናት» ብሎ ስም አወጣለት። ሁልጊዜ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ቧንቧዋን ይከፍታል፤ ጢሽሽሽ ትላለች፤ የዛገ ውሃ ታፈሳለች፤ እሱም እጁን እየጠረገ «አሸንቻታለሁ፤ አሁን ሥራ ትችላለች» ይለኛል። እንዲህ ስንኖር አንዲት ቀን እንኳ አላመማትም።

ሊቀ መንበራችንን አደምን ታስታውሽዋለሽ። አዎን፣ ያው አደም፤ ሰንበቴ ገበያ የበሬ ጥርስ እያየ ዕድሜ የሚዋሽ የነበረው ደላላ። አሁን የሚዋሸው በሬው ሳይቀርብለት ነው። አንድ ጠዋት በደጃችን ሲያልፍ ጢሽሽታዋን ሰማና ይህ የሚያፏጨው ምንድን ነው አለ። አባባ አየር ነው አለው። አደም የማን አየር ነው ብሎ አፈጠጠበት። አባባ የአላህ ነው ነዋ አለው። አደም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ውጪ ሳለ የማንም ይሁን፣ በርሜል ከገባና ከተዘጋበት በኋላ የሕዝብ ነው አለ። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። «የሕዝብ አየር በከንቱ እንዳይለቀቅ» የሚል ውሳኔ ተላለፈ፤ ሁላችንም አጨበጨብን፣ እኔም ጭምር፣ እጄ ይቆረጥ። ቧንቧዋም በሽቦ ተጠፍንጋ በእርሳስ ታሸገች። አባባ ውሃውስ ወዴት ይሂድ ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተባለ።

ክረምቱ ገባ። የቦርከና ክረምት ታውቂዋለሽ፤ አየሩን እንደ ነጠላ ጨምቀሽ የምትጠጪው ነው። ያ ሁሉ እርጥበት በርሜሏ ውስጥ ይከማቻል፤ መውጫ የለውም። ለመስከረሙ በዓል ደግሞ ሪፑብሊክ ሊታወጅ ነው ተባለና ከተማውን በሙሉ ቀይ ቀለም ቀቡት። በር ቀቡ፣ ድንጋይ ቀቡ፣ የመብራት ምሰሶ ቀቡ፤ ቀለሙ ሲተርፋቸው ወደኛ መጡ። ኮምፕሬሰሯን ከራሷ እስከ እግሯ ቀይ አለበሷት፤ ሆዷ ላይ በነጭ «ወደፊት!» ብለው ጻፉባት። በአራት ብሎን ከሲሚንቶ ጋር የታሰረች ናት እኮ! ወፍራሙን የኤሌክትሪክ ገመዷንም ለድምፅ ማጉያው ነቅለው ወሰዱና በምትኩ የበዓል አምፖል የሚንጠለጠልበትን ክር የመሰለ ሽቦ ቀጠሉላት። የሞተር ዘይት አልቋል ብንል አደም ዘይት ዘይት ነው ብሎ ከኅብረት ሱቅ የኑግ ዘይት አስጨመረባት። ከዚያ ወዲህ የምትተፋው አየር የመጥበሻ ሽታ ሆነ። ኢብራሂም በየደረሰበት የከሚሴ ጎማ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸታል እያለ ስማችንን አጠፋው።

ነገሩ የፈነዳው እንግዳ ሲመጣ ነው። ከአውራጃ አንድ ትልቅ ሰው መጡ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ጥርስ፣ ጥቁር መነጽር። የኢብራሂም መኪና ጎማዋ ተነፍሶ በር ላይ ቆማለች። አደም የልማታችንን ፍሬ ላሳይዎ ብሎ የአየር ቱቦውን ከእጄ ነጠቀኝ፤ የሕዝብ አየር ጉልበቱ ይህን ያህል ነው ብሎም ወደ ላይ አነጣጠረና መያዣውን ጨመቀው። እታለም፣ ምን ልበልሽ። የወጣው አየር አይደለም። የበሰበሰ እንቁላልና የዛገ ሚስማር ተቀቅሎ፣ ላዩ ላይ የኑግ ዘይት የተንሳፈፈበት፣ ክረምቱን በሙሉ ሆዷ ውስጥ የከረመ ቡናማ አተላ ነው። ከእንግዳው መነጽር እስከ እምብርታቸው ተዘረገፈ። አፋቸው ለንግግር ተከፍቶ ስለነበር የገባም ገብቷል። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ ተከራይቶ አለ። እኔን ግን ከአተላው የበለጠ ያቅለሸለሸኝ አደም ነው፤ በገዛ ነጠላው የእንግዳውን ጫማ እየወለወለ አሻጥር ነው፣ አሻጥር ነው ይል ጀመር። አሻጥር የምትለዋ ቃል ሰው እንደምታስበላ አንቺም ታውቂያለሽ።

በዚያው ቀን አባባን የማኅበሩ ኮሚቴ ፊት አስቀርበው ይህ ውሃ ከየት መጣ አሉት። ቁልፉ በእጅህ ነው፣ ካንተ በቀር ማን ያስገባል አሉት። አባባ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እናንተ ዘግታችሁባት ነው እንጂ እኔማ በፊት ጠዋት ጠዋት አሸናት ነበር አላቸው። የኮሚቴው ጸሐፊ ቃል ሲመዘግብ የሚያየው የተናጋሪውን አፍ ሳይሆን የሊቀ መንበሩን ግንባር ነው። ግንባሩ ተኮሳትሮ ስላየ «አ»ዋን «እ» አደረጋት፤ መሐል ላይም አንዲት «ባ» ሰነቀረባት። «አሸናት ነበር» የተባለው «እሸናባት ነበር» ሆኖ ተጻፈ። አየሽ እህቴ፣ አንዲት «ባ»! የፊደል ገበታ ላይ ከነወንድሞቿ ተሰልፋ ስትታይ ምንም የማታውቅ ጨዋ ትመስላለች። ማኅተም ተመታበት። በማግሥቱ ገበያ መሐል በድምፅ ማጉያ፣ ያውም በኛው ወፍራም ገመድ፣ ተከሳሹ በሕዝብ ንብረት ላይ ጠዋት ጠዋት ይሸና እንደነበር በገዛ አንደበቱ አምኗል ተብሎ ተነበበ። አባባም የአይጥ ሽታ ወዳለበት ወደ ቀበሌው የድሮ እህል ጎተራ ገባ።

ስንቅ ይዤለት ስሄድ የታሰረበት ነገር አላሳሰበውም። ሰው ይታሰራል አለኝ፤ እኔ እድሜዬን ሙሉ ጠሃራዬን፣ ንጽሕናዬን ጠብቄ፣ አንዲት ጠብታ ነካችኝ ብዬ ልብሴን ስቀይር ኖሬ፣ የተጻፈብኝ ግን ይኼ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ለመስጊዱ የሰጣትን የውዱእ መታጠቢያ ማንቆርቆሪያ ታውቂያታለሽ፤ ያቺን ሰማያዊዋን። አንድ ሰው ጥግ ወስዶ ደፍቷት አየሁ። ማንም አያነሣትም። የደፋትን ሰው አውቀዋለሁ፤ ስሙን አልጽፍም፤ አባባ አትጻፈው ብሎኛል። እማማ ገበያ መውጣት ተወች። «ማል ጎና፣ ምን እናድርግ ልጄ» እያለች ደጅ ደጁን ታያለች። ትንሿ እህታችን አስያ ደግሞ የሳቀባትን ልጅ በውሃ መሸከሚያው ዱላ ነርታ መጣች። እኔ እንኳ በልቤ አበጀሽ ብያለሁ።

ታዲያ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ውሃውን ማንም አላስገባውም፣ አየር ራሱ ውሃ ይወልዳል አልኩ። ተሳቀብኝ። ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ለአረፋ መጥተሽ ያወራሽው ትዝ ይልሻል? አንድ ደንበኛ ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ይዞ ጠርሙስሽ ያፈሳል ቢልሽ፣ ጠርሙሱ አይደለም የሚያፈሰው፣ አሰብ ነው የሚያልበው ብለሽ የመለስሽለት። ያንን ነገርኳቸው። ጠርሙስ በጨርቅ ጠርጋችሁ ብታስቀምጡት ከውጭ መልሶ ይረጥባል፤ ማን ሸናበት? አየር ሲሞቅ ውሃ ይሸከማል፣ ሲጨቆንና ሲቀዘቅዝ ሸክሙን ይጥላል፤ ኮምፕሬሰር ደግሞ ሥራዋ መጨቆን ነው አልኩ። «መጨቆን» ስል ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ ብዬ «መጠቅጠቅ» አልኩ። አደም አየር አያልበውም፣ የሚያልበው የሚሠራ ሰው ነው አለ። እንዲያ ከሆነማ አንተ በሕይወትህ አልቦህ አያውቅም ልል ነበር፤ የአባባ ስንቅ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። የዋጥኩት ነገር ብዛት! ሆዴ አልረጋ ያለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ይፈተንልኝ ብዬ ሙጭጭ ስል፣ በርሜሏ ታጥባ ደርቃ፣ ሊቀ መንበሩ ራሱ አይቷት፣ ቧንቧዋ በእሱ ማኅተም ታሽጋ፣ በእሱ ዘበኛ እየተጠበቀች ከሰንበቴ ገበያ ቀን እስከ ጨፋ ሮቢት ገበያ ቀን ድረስ ትሥራ፤ ከዚያ በሕዝብ ፊት ትከፈት ተባለ። ውሃ ከወጣ አባባ ይፈታል። ካልወጣ እሱ ወደ አውራጃ ይላካል። ወደ አውራጃ ተልኮ ቶሎ የተመለሰ ሰው ደግሞ አላውቅም። ችግሩ ምን መሰለሽ? እንድትሠራ ከተፈለገ መጀመሪያ መዳን ነበረባት። ያጠፏት እነሱ፣ የማድናት እኔ።

ሳስነሣት «ህምምም» ብላ ታጉረመርማለች እንጂ አትዞርም፤ ሞተሯ ወዲያው ይግላል። ያ የአምፖል ሽቦ ለእሷ በቀጭን ቀሰም ውሃ እንደመምጠጥ ነው። ገመዳችንን መልሱ ብል ገመዱ በድምፅ ማጉያ ግዳጅ ላይ ነው ተባልኩ። እንግዲያው ድምፅ ማጉያው አባባን ለመስደብ ካልሆነ ዛሬ ምን ሥራ አለው ብዬ ጮህኩ፤ አስያም ከኋላዬ ሆና ጮኸች፤ ሰጡን። ገመዱ ተመልሶም ግን በግማሽ ጉልበት ትንቀጠቀጥና ትቆማለች። ኮምፕሬሰር ሥራ ስታቆም አንዴ «ጢስ» ብላ ራሷ ላይ የቀረውን አየር መልቀቅ አለባት። ያን ካላደረገች በሚቀጥለው ስትነሣ የትናንቱን ሸክም እንደተሸከመች ነው። ያቺ የምትለቅባት ቀዳዳ በቀይ ቀለም ተደፍናለች። በመርፌ ፈለፈልኳት፤ «ጢስ» አለች፤ ተነሣች።

ተነሣች እንጂ አትሞላም። ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ የግፊቱ መቁጠሪያ ቀስቷ እንደ ሰነፍ አህያ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። አየር የምትስብበትን ማጣሪያ ፈትቼ ሳየው እስፖንጁ ቀለም ጠጥቶ እንደ ደረቀ ቂጣ ጠንክሯል። አፍንጫዋን ደፍነው ተንፍሺ ይሏታል! አሮጌ ፍራሽ ቀድጄ እስፖንጅ ቀየርኩላት። የኑግ ዘይቱን ስደፋው እንደ ማር ይለጥጣል፤ ኢብራሂም ከመኪናው የሞተር ዘይት አካፈለኝ። ላላ ብሎ ይንሸራተት የነበረውን የማዞሪያ ቀበቶዋን፣ ቺንጊያዋንም ወጠርኩት። እንዲህም ሆና የሞላችው አየር ሲያድር ይጠፋል። የሚያፈሰውን ቦታ ለማወቅ የሳሙና አረፋ መቀባት ነበረብኝ፤ ሳሙና ግን በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው፣ ወረፋውም የአደም እህት ዘንድ ነው። ባለቤቴ ዓዲላ እንዶድ ወቅጣ አረፋውን በጣሳ አመጣችልኝ። የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ስንቀባው አረፋው እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ብቅ ብቅ አለ። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቆርጬ አዲስ ጎማ ከተትኩበትና ዝም አለ። ዓዲላ ይህን እንዶድ ለቃለ ጉባኤውም ብንቀባው የት የት እንደሚያፈስ ባየን ነበር አለች።

አንድ ነገር ግን ሳየው መፍቻውን አስቀመጥኩ። በርሜሏ አናት ላይ ግፊት ሲበዛባት ጮኻ የምታስተነፍስ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ እሷ ባትኖር በርሜሏ ትፈነዳለች፤ ቤቱንም፣ ሰውንም፣ «ወደፊት!»ንም ይዛ ትሄዳለች። ያቺን ቫልቭ አፏን በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርበው ቀብተው አድርቀውታል። አባባ ክረምቱን በሙሉ አጠገቧ ነበር የሚያድረው። ግፊት ሲበዛ እንድትጮህ የተሠራችውን ነገር አፏን መለጎም፤ እህቴ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንቺ ብልህ ነሽ። ቀለሙን በምላጭ ፍቄ ቀለበቷን ሳብ ባደርጋት እንደ ባቡር ጮኸች። እንደዚያ ቀን የሚጥም ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

የጨፋ ሮቢት ገበያ በዋለ ማግሥት ሕዝብ ተሰበሰበ። አባባን ከጎተራው አመጡት፤ ጢሙ ላይ ገለባ ነበር፣ እማማ ከሰው መሐል ወጥታ አራገፈችለት። የአደም ዘበኛ ማንም እንዳልነካት፣ በርሜሏን አቅፎ እንዳደረ ወላሂ ብሎ ማለ። አደም የራሱን ማኅተም በራሱ እጅ ፈታ። ቧንቧዋ ተከፈተች፤ ጢሽሽሽ አለች፤ መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። አደም ፈገግ ሊል ከንፈሩን ሲያነሣ ግን ውሃው መጣ፤ እየተንፏቀቀ፣ እየተንጠባጠበ፣ ከዚያ ኩልል ብሎ ጣሳውን ሞላው። አባባ ወደ ጣሳው ጎንበስ ብሎ አየና፣ ማኅተሙ ያንተ፣ ዘበኛው ያንተ፣ ቁልፉ ያንተ፤ ዛሬስ ማን ሸናባት፣ አደም? አለው። ሳቁ እስከ ሰንበቴ ተሰምቶ ይሆናል። አደም ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ አዛውንቱ በምሕረት ተፈትተዋል አለ። በምሕረት! ይህን ቃል ሲናገር እኔን ያንገሸገሸኝ፣ አተላው አፌ ውስጥ ቢገባ እንዲያ አያንገሸግሸኝም።

አባባ ግን አልወጣም። አዎን፣ ወደ ጎተራው ተመልሶ ሄዶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ምሕረት የሸና ሰው ይቀበል፣ እኔ «ባ»ዋን አውጡልኝ ብቻ ነው የምለው አለ። ጸሐፊው ማኅተም የተመታበት ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም አለው። አባባ እኔም እንዲያው ነኝ፣ የተመታሁበት አይሰረዝም አለው። ዘበኛው እባክህ ውጣልኝ ብሎ ለመነው። ታሳሪው አልወጣ ብሎ ዘበኛ ሲለምን አይተሽ ታውቂያለሽ? ጁምዓ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከመስጊድ ሲወጡ አንዱ መጥቶ ጎኑ ተቀመጠ፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ የጎተራው ደጅ በነጭ ጥምጥም ተሞላ። ማንም ምንም አይናገርም፤ ቁጭ ብቻ። አደም መጣና ይህ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጀንዳ የለንም፣ አንዲት ፊደል እስክትወጣ ነው የምንጠብቀው አለው። አደም ወደ አስፋልቱ አየ፤ የአውራጃው እንግዳ በዚያው ሰሞን ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። የፈራው እውነትን ሳይሆን እንግዳውን ነው፤ ይሁንለት፣ በፈራውም ይውጣልን።

በገበያው ቀን ያው ድምፅ ማጉያ ተተከለ። ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ፣ «እሸናባት ነበር» ተብሎ የተነበበው «አሸናት ነበር» ተብሎ ይታረም ብሎ አነበበ። አንድ ከቆላ የመጣ የፍየል ነጋዴ፣ ነገሩን ከሥሩ ያልሰማ፣ ማን ማንን ነው ያሸናው ብሎ ጎረቤቱን ቢጠይቅ ገበያው በሳቅ ተናጋ። አባባ ግን አልሳቀም፤ ወረቀቱ ተነቦ እስኪያልቅ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማ። አላለቀሰም። እማማም አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። የሙሐመድዘይን ቤት ሰው በገበያ መሐል አያለቅስም። ከዚያ ለዙሁር ወደ መስጊድ ሄድን። ሰማያዊዋ ማንቆርቆሪያ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ውሃዋ ለብ ያለ ነው። ያ የደፋት ሰው አንሥቶ በአባባ እጅ ላይ ያፈስለት ጀመር። አባባ ስሙን አትጻፈው ያለኝ ለዚህ ይሆን? አላውቅም። እኔ ብሆን ጽፌው ነበር።

አሁን ለምን ለቅሶ እንደተቀመጥን ልንገርሽ። ኮሚቴው ከዚህ ሁሉ ትምህርት ወሰድኩ ብሎ ቧንቧዋ ጠዋት ጠዋት መከፈት አለባት ሲል ወሰነ። ነገር ግን ጉዳዩ ለአንድ ግለሰብ የሚተው አይደለምና «የማሸናት ኮሚቴ» ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አደም። ኮሚቴው ሳይሟላ ቧንቧዋ አትከፈትም፤ ቧንቧዋ ሳትከፈት እሷ አትነሣም። ኮሚቴው ደግሞ አንዱ ስብሰባ ነው፣ አንዱ ሰንበቴ ነው፣ አንዱ ገና አልነቃም። ስለዚህ ጤነኛዋ ኮምፕሬሰር ምልዓተ ጉባኤ ስትጠብቅ ትውላለች፤ እኔ በእግር ፓምፕ እንደ አንጥረኛ ወናፍ እየረገጥኩ የጭነት ጎማ እነፋለሁ። ሾፌሩ ሁሉ ይሰድበኛል። አባባ ማታ ማታ በቆርቆሮው ስንጥቅ እያያት፣ እኔ አሸናት ነበር፣ እነሱ ግን ቀበሯት ይላል።

እንግዲህ እታለም፣ አደራሽን። ወሬው በሾፌር አፍ አሰብ ደርሷልና እርማቱም በዚያው አፍ ይድረስ። ለስላሳ ሊገዛሽ የሚመጣውን ሁሉ ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ጠርገሽ አስይዢው፤ ሲረጥብበት፣ ይኸው የከሚሴው ሙሐመድዘይን ነገር እንዲህ ነው በይልኝ። «ባ» የለችበትም በይልኝ።

ለሙሀመድኑር ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ወገቡን ጨው በተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ይታሽ፣ ከወደብ ሲመለስም ንፋስ አይግባበት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ለትልቁ፣ አያትህ ጠሃራ ነው ብለሽ ንገሪው። ጎረቤትሽን ዘይናን ስለላከችው ተምር አመስግኚልኝ፤ አባባ ጎተራ ውስጥ ሆኖ በልቶታል። ከእኛ ወገን እማማ ጉልበትሽን ስሜያለሁ ትላለች፤ እሷ የምትስመው የራሷ ስለሚያማት ነው። ዓዲላ እንዶድ ከፈለግሽ እልካለሁ ብላለች። አስያ ያን ልጅ ይቅርታ ጠይቂ ቢሏት እምቢ እንዳለች አለች። አባባ ራሱ ካጠገቤ ሆኖ፣ አላህ በሰላም ያገናኘን፣ አላህ ከክፉ ፊደል ይጠብቅሽ ብሏል። አሚን በይ።

ወንድምሽ ሙሄ ሙሐመድዘይን
ከሚሴ፣ ወሎ
ኅዳር 1980 ዓ.ም.

እርማት። ከላይ ስለ ገበያው ቀን ሲነገር «አባባ አላለቀሰም፣ እማማም አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስኩም» ተብሎ የተጻፈው በስህተት ስለሆነ እንዲስተካከል። በዕለቱ በሦስቱም ሰዎች ዓይን ላይ ውሃ መታየቱ ተረጋግጧል። ሆኖም በተደረገው ማጣራት ውሃው ማንም ከውጭ ያስገባው ሳይሆን ከግፊት ብዛት ከውስጥ የተጠራቀመ፣ መውጫውም ለረጅም ጊዜ ታሽጎበት የቆየ መሆኑ ታውቋል።